«እንባዋ እንደ ጎርፍ ወረደ» ብዬ ጻፍኩ፣ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ እየበለተች የምትሸጥ ሴት አለች፤ ባሏ ማታ መረብ ሊጥል በጀልባ ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል። መርዶዋን የሰማችበትን ቦታ እንዲህ ጻፍኩት፦ «በጣም በጣም አዘነች። እንባዋ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ልቧ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ፤ ዓለም እንደ ሌሊት ጨለመባት።» ያነበበችው ጓደኛዬ «ያምራል፣ ግን አላሳዘነኝም» አለችኝ። ምኑ ጋ ነው የጎደለው?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። የጎደለ ነገር የለም፣ በዝቷል። ሦስት «እንደ» በተከታታይ ተደርድረዋል፣ አንዱ ሌላውን ያፍነዋል። ደግሞ አንዱም የሷ አይደለም። ጎርፉም ብርጭቆውም ለማንም ሐዘንተኛ ይሆናሉ፤ ብዙ ሰው ስለጻፋቸው አንባቢ ሳይቆም ያልፋቸዋል። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ የምታየው ምንድን ነው? ቢላዋ፣ ቅርፊት፣ መረብ፣ ፍርፋሪ ጥበቃ አጠገቧ የሚቆሙት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች። ማነጻጸሪያሽን ከዚያ አምጪው። «ከመረብ እንደወጣ ቆሮሶ ዓሣ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ ግን የለም» ብትይ ወዲያው ይቺን ሴት አያታለሁ። አንድ ይበቃል፤ ሌላ አትጨምሪበት።

ወደ ተውሳከ ግሱ፣ ወደ «በጣም በጣም»፣ እንምጣ፤ አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። እንደ «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ» ያሉት ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩልን እነ «ስቅስቅ ብላ»፣ እነ «አምርራ» ናቸው፤ እነሱ ደግሞ «በጣም» የማይነግረንን ይነግሩናል። ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ምርር ብላ ካለቀሰች ውስጡ በደል አለ፣ የምትወቅሰው ሰው ወይ ዕድል አለ። እንባዋ ኮለል ካለ ልብ ሳትለው እየወረደ ነው፤ ዱብ ዱብ ካለ ግን ይዛው ይዛው አምልጧት ነው። የአንቺዋ ሴት የትኛዋ ናት? እሱን ሳትወስኚ አትጻፊው።

ጊዜውንም አስቢበት። መርዶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ክው ይላል፣ አንዳንዱ እንባ እንኳ አይመጣለትም። ሆድ የሚብሳት ምናልባት ከሰልስት በኋላ ነው፤ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ ጎረቤቷ «ነይ ቡና ጠጪ እንጂ» ስትላት። አንቺ ግን የወር ሐዘን ሁሉ በአንዲት ደቂቃ ጭነሽባታል።

ከቻልሽ ሙሾ አውራጆችን አዳምጪ። ጎበዝ አልቃሽ «በጣም አዝነናል» አትልም። የሟቹን ሥራ፣ ደግነቱን፣ አረማመዱን እየጠራች ነው ቤቱን በለቅሶ የምታናጋው። አንቺም ባልየውን አምጪልን እንጂ፣ እስካሁን እኮ አናውቀውም! በሩ ጀርባ የተንጠለጠለ ጃኬቱን አሳዪን፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት።

ንግግር ላይ ግን «እንደ»ን ቆጥቢ። ለቅሶ ቤት የመጣ ጎረቤት «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ነው የሚቀመጠው። «በጣም በጣም»ን አውጪና ያንን ክፍል እንደገና ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።