ለወጣት ፕሮግራመሮች፦ በአራት ግራጫ ቀለም ስለተሠራ ዓለም

ውድ ወጣቶች፣

ፕሮግራሚንግ እየተማራችሁ ጌም መሥራት የምትመኙ ልጆች ስታገኙኝ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታነሱልኝ የዕቃ ነገር ነው። «ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው»፣ «ስልኬ አይችልም»፣ «ጥሩ ላፕቶፕ ስገዛ እጀምራለሁ» ትሉኛላችሁ። ችግሩ እውነት ነው፤ የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ እኔም አያለሁ። ነገር ግን በዚህ ሙያ ዕድሜዬን ስገፋ ካየኋቸው ሥራዎች ውስጥ ይህን ጭንቀት ያቀልላችኋል ብዬ የማምንበት አንድ ጌም አለ፤ ፍጥረታት እየያዙ የሚያሳድጉበትና የሚያፋልሙበት ፖኬሞን። በቴሌቪዥን የምታውቁትን ወይም ዛሬ በስልክ የሚጫወቱትን ማለቴ አይደለም። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ጃፓን ውስጥ ለጌም ቦይ የወጣውን የመጀመሪያውን ማለቴ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። እዚያ «ቀይ» እና «አረንጓዴ» ተብሎ ተሸጠ፤ በ1998 አሜሪካ ሲገባ «ቀይ» እና «ሰማያዊ» ሆነ። ቀዩን በልጆቼ ጌም ቦይ እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ፤ በኋላም እንደ ባለሙያ አሠራሩን ቁጭ ብዬ አጥንቼዋለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን እወቁት። ጌም ቦይ የወጣው በ1989 ነው። ሥራውን የመራው ጉንፔ ዮኮይ የሚባል፣ የጃፓኑ ጌም ድርጅት የኒንቴንዶ መሐንዲስ ነበር። አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ስክሪኑ 160 በ144 ፒክሰል ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር የለውም፤ ከነጣው እስከ ጠቆረው አራት ደረጃ ብቻ ያሳያል። የሥራ ሜሞሪው 8 ኪሎባይት ነው። ዮኮይ ይህን ያደረገው የተሻለ ነገር አጥቶ አይደለም። የረከሰና ሁሉም ጠባዩን ያወቀውን ቴክኖሎጂ ወስዶ ለአዲስ ነገር ማዋል ነበር እምነቱ። በዚያው ዘመን የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም ስክሪን ይዘው ገበያ ወጡ፤ ግን ስድስት ስድስት ባትሪ ይጎርሱና ቶሎ ይጨርሱት ነበር። ዛሬ የትኛው ስም በሰው አፍ እንደቀረ ታውቃላችሁ።

ፖኬሞን ሲወጣ ይህ ማሽን ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው፤ ብዙ ሰው ጊዜው አልፎበታል ይል ነበር። ካሴቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ከተሞቹ፣ ዋሻዎቹ፣ ሙዚቃው፣ 151ዱ ፍጥረታት፣ የሚናገሩት ሰዎች፣ አንድ ላይ ተደምሮ ከአንድ ሜጋባይት አይበልጥም። ትናንት በስልካችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ብቻውን ከዚያ ሳይበልጥ አይቀርም።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ገና ስትጀምሩ ከሦስት ፍጥረቶች አንዱን ምረጡ ትባላላችሁ፤ የሣሩ ባልባሶር፣ የእሳቱ ቻርማንደር፣ የውሃው ስኩዊርትል። እሳት ሣርን ያቃጥላል፣ ውሃ እሳትን ያጠፋል፣ ሣር ውሃን ይጠጣል። የጌሙ ሕግ በሙሉ ከዚህች ሦስት ማዕዘን ነው የሚያድገው፤ የአምስት ዓመት ልጅም ይገባዋል። እንደ ብዙ ልጅ እሳቱን ከመረጣችሁ ግን ብዙም ሳትሄዱ ፒውተር ከተማ ላይ ብሮክ የሚባል አሰልጣኝ ይጠብቃችኋል። የሚያሰልፋቸው ሁለቱም የድንጋይ ናቸው፤ ጂዮዱድና ኦኒክስ። እሳት ድንጋይ ላይ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ያማረውን የመረጠ ልጅ እዚህ ይቆማል።

መውጫው ያለው ቀድማችሁ ባለፋችሁበት ቪሪዲያን ደን ውስጥ ነው። እዚያ ካተርፒ የምትባል አባጨጓሬ ትገኛለች። ከሁሉ ደካማ ከሚባሉት አንዷ ናት፤ ብዙ ልጅ አይቷት ያልፋል። ከያዛችኋትና ከታገሳችኋት ሰባተኛው ሌቭል ላይ ሜታፖድ ወደሚባል ሙሽሬ ትለወጣለች፤ ያኔ የምታገኘው አዲስ ችሎታ ሰውነቷን ማጠንከር ብቻ ነው፤ ፍልሚያው ይጎተታል፣ ያሰለቻል። አሥረኛው ላይ ቢራቢሮ ሆና ትወጣለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሐሳብ ኃይል መምታት ትማራለች። ኦኒክስ ከተራ ምት የሚከላከል የድንጋይ ገላ አለው፤ ለዚህ ዓይነቱ ምት ግን መከላከያው በጣም ደካማ ነው። ያ ሁሉ ግዙፍ እባብ በአንዲት ቢራቢሮ ይወድቃል። ልብ በሉልኝ፣ ጌሙ ይህን በቃል አልነገራችሁም። «ትዕግሥት ጥሩ ነው» የሚል ጽሑፍ የትም የለም። ደንና ከተማን አጎራብቶ ቁጥሮችን ብቻ አስቀመጠ፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ደረሰበት። የሠለጠነ የጌም ሥራ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

የፍልሚያውን ስክሪን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ባላጋራ ከላይ በቀኝ በኩል ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ይቆማል፤ የእናንተው ከታች በግራ ጀርባውን ሰጥቷችሁ ይታያል። የጀርባው ሥዕል ፒክሰሉ ጎልቶ የሚታየው ለምን ይመስላችኋል? ቦታ ለመቆጠብ በትንሹ ተስሎ ስክሪን ላይ ሲወጣ በእጥፍ ስለሚለጠጥ ነው። የተመታው ፍጥረት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እንቅስቃሴው ከዚያ ብዙም አያልፍም። ድምፁም እንደዚሁ ነው። 151 ፍጥረት እያንዳንዱ የራሱ ጩኸት አለው፤ ካሴቱ ውስጥ ያሉት መነሻ ድምፆች ግን 40 አይሞሉም። የጌሙን ድምፅ የሠራው ጁኒቺ ማሱዳ ያንኑ ድምፅ አንዴ አቅጥኖ፣ አንዴ አወፍሮ፣ አንዴ አስረዝሞ ለሌላው ይሰጠዋል። ቻሪዛርድና ራይሆርን እንዲያውም ቁርጥ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው፤ አንዱ ክንፍ ያለው ዘንዶ ሌላው አውራሪስ ስለሆነ ማንም ልጅ አልጠረጠረም። የጎደለውን የሞላው የልጁ ምናብ ነው። እንግዲህ «ግራፊክሱ ካላማረ ማን ይጫወትልኛል» ለምትሉት መልሴ ይኸው።

ይህን ሁሉ ያሰበው ሰው ሳቶሺ ታጂሪ ይባላል። በ1965 ተወልዶ ያደገው ማቺዳ በምትባል የቶኪዮ ዳርቻ ነው፤ በልጅነቱ የነፍሳት አፍቃሪ ነበር። ጥንዚዛ የት እንደሚደበቅ፣ በምን ሰዓት እንደሚወጣ፣ ምን ቢያኖሩለት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሜዳውና ኩሬው በሕንፃ ተተካ። በ1983፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ስለ ጌም የሚያወራ በእጁ የጻፈው መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ፤ ስሙን «ጌም ፍሪክ» አለው፤ ወረቀቱን የሚያያይዘው በስቴፕለር ነበር። ኬን ሱጊሞሪ ይህን መጽሔት አግኝቶ ሠዓሊ ሆኖ ተቀላቀለው፤ በኋላ የፖኬሞኖቹን መልክ የሳለው እሱ ነው። መጽሔቱ በ1989 ጌም ሠሪ ድርጅት ሆነ።

ጌም ቦይ ሁለት ማሽን የሚያገናኝ ኬብል ነበረው። ሌላው ሰው በኬብሉ ሁለት ልጆች ሊያጋጥም ያስባል፤ ታጂሪ ግን ነፍሳት በገመዱ ላይ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲሄዱ ታዩት። ሐሳቡ ከዚያ መጣ። ከሐሳብ ወደ ካሴት ለመድረስ ግን ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ መሃል ላይ ድርጅቱ ሊከስር ተቃርቦ ነበር፣ ጥለው የሄዱ ሠራተኞችም ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ነገር የልጅነት ትኩረትን ዋጋ ነው። ታጂሪ የሚያውቀውን ነፍሳት መሰብሰብ ነው የሠራው። እናንተ የምታውቁት ሌላ ነው። ገበጣ እየተጫወተ ያደገ ልጅ ቀድሞ መቁጠርን ያውቃል። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ሲቀባበል የኖረ ልጅ ሰው በጠባብ ቦታ እንዴት እንደሚግባባ ያውቃል። እባካችሁ ይህን ትታችሁ ያላያችሁትን የአውሮፓ ቤተ መንግሥትና ዘንዶ አትገልብጡ። ካንቶ የሚባለው የፖኬሞን አገር እንኳ በእውነተኛው የጃፓን ካንቶ ክፍለ አገር ላይ የተሠራ ነው።

ኬብሉ የወለደው ሌላም ነገር አለ። ሁሉንም 151 ብቻችሁን መሰብሰብ አትችሉም። ግራውሊዝ ቀዩ ላይ እንጂ ሰማያዊው ላይ አይገኝም፤ ቩልፒክስ ደግሞ ተቃራኒው። ካዳብራና ማቾክን የመሳሰሉት ለጓደኛ ካልተሰጡ በቀር የመጨረሻ መልካቸውን አይይዙም። እንግዲህ አስቡት፦ ለብዙ ሰዓት ያሳደጋችሁትን ማቾክ በኬብል ትሰዳላችሁ፤ ወዲያ ማዶ ሲደርስ ማቻምፕ ሆኖ የጓደኛችሁ ስክሪን ላይ ይቆማል። አሁን መልሶ ይሰጣችሁ ይሆን? ሁለት ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መተማመንን ይማራሉ። ፕሮግራም ስትነድፉ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ብቻ አትንደፉ።

ጌሙ ጉድለት አልነበረበትም ልላችሁ አልችልም። ጌሙ ውስጥ ሳፍሮን ከተማ ያለ አንድ ሰው የሳይኪክ ፍጥረታት (በሐሳብ ኃይል የሚመቱት) የሚፈሩት መንፈስንና ነፍሳትን ብቻ ነው ይላችኋል። ኮዱ ውስጥ ግን ያ የመንፈስ ምት በሳይኪክ ላይ ዜሮ ሆኖ ተጽፏል፤ ጭራሽ አይሠራም። ስለዚህ ሳይኪኮቹ ተፎካካሪ አጥተው ነገሡ። በ1999 «ወርቅ» እና «ብር» ሲወጡ ተስተካከለ። በሠንጠረዥ ውስጥ ያለች አንዲት ቁጥር የጠቅላላውን ጨዋታ ሚዛን እንዴት እንደምትለውጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም፤ ሠንጠረዣችሁን እያንዳንዱን ሳጥን ፈትሹ። የሆነው ሆኖ ጌሙ ወጣ፣ ተወደደም። ዳር ሳይደርስ ከቀረ ፍጹም ሥራ ይልቅ ዳር የደረሰ ጉድለት ያለበት ሥራ ለዓለም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሚው የሚባለው ፍጥረት የመጣበትም መንገድ ይገርማል። የመፈተሻው ፕሮግራም ከካሴቱ ሲወጣ 300 ባይት ያህል ቦታ ተረፈ፤ ፕሮግራመሩ ሺጌኪ ሞሪሞቶ እዚያች ላይ 151ኛውን አስገባ። በተለመደው ጨዋታ እንዲገኝ አልታሰበም ነበር። ወሬው ሲሰማ በ1996 በአንድ የልጆች መጽሔት አማካኝነት ለ20 ሰዎች እንደሚሰጥ ተነገረ፤ 78,000 ያህል ሰው አመለከተ።

አንድ የምወደው ታሪክ ልጨምር፤ ይህ በተለይ ሥራ ለጀመራችሁት ነው። የፍልሚያው ክፍል በትልቁ የቤት ኮንሶል ለሚወጣው፣ ፖኬሞን ስታዲየም ለሚባለው ጌም፣ ሲፈለግ የጽሑፍ ማብራሪያ አልነበረውም። ኮዱን አንብቦ ያሻገረው ሳቶሩ ኢዋታ ነው፤ በሰዓቱ ሃል ላቦራቶሪ የሚባል ጌም ሠሪ ድርጅት ፕሬዚዳንት ነበር፣ በኋላም ኒንቴንዶን መርቷል። ሞሪሞቶ ሲናገር ሥራው አንድ ሳምንት ያህል ነው የወሰደው። ወንበሩ ከፍ ስላለ የሰው ኮድ ማንበብ አላቋረጠም። መጻፍ ብቻ ሳይሆን ማንበብ ተማሩ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠብቃችሁ ሌላ ሰው ጽፎት የሄደ ኮድ ነው።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ዛሬ ስልክ ላይ ፍጥረት የሚያሰበስቡ ብዙ ጌሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዕድልን በብር ይሸጣሉ፤ ያልተገኘውን ፍጥረት ለማግኘት ደጋግሞ መክፈል ነው። ቀዩ እትም አንዴ ተገዝቶ ያልቃል፣ ጨዋታውም መጨረሻ አለው። የእናታችሁን የሞባይል ብር የሚጠባ ጌም እንዳትጫወቱ፣ ነገ ደግሞ እንዳትሠሩ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ሥራ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሦስት ፍጥረቶች ፍጠሩ፤ ስማቸውንና መልካቸውን ከምታውቁት ቦታ አምጡ። እያንዳንዱ ሌላውን ሲመታ ስንት እንደሚቀንስበት በሦስት በሦስት ሠንጠረዥ ጻፉ። ከዚያ በጽሑፍ ብቻ፣ ያለ ምንም ሥዕል፣ በፓይተን አስፍሩት፤ በርካሽ ስልክ ላይም ይሠራል። መጫወት ሲጀምር ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለጎረቤት ልጅ ስጡትና ምንም ሳታስረዱ አጠገቡ ተቀመጡ። የት ላይ እንደተደናገረ፣ የት ላይ እንደሳቀ፣ የት ላይ እንደሰለቸው ጻፉ። በማግስቱ የሰለቸውን ቦታ ብቻ አስተካክላችሁ መልሳችሁ ስጡት።