አላርሙ ጠፋ ወይስ ጮኸ? ስለ እንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ (ግሥ እንደ «ኦፍ» ካለ አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚሰጥበት) ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ጎ ኦፍ» የሚለውን መዝገበ ቃላት ጮኸም፣ ጠፋም፣ ፈነዳም፣ ተበላሸም ይለዋል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ እኔንም ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። ሆቴል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ ከአራተኛ ፎቅ አንድ እንግዳ ደውሎ «ዘ ስሞክ አላርም ዌንት ኦፍ» አለኝ። «ኦፍ» መጥፋት ነው ብዬ «ጠዋት ባለሙያ ያየዋል፣ መልካም ሌሊት» አልሁት። ወዲያው በፒጃማ ደረጃውን ወርዶ ከፊቴ ቆመ። ለካ የጭስ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቱን እዩ። ደወል ከሆነ ጮኸ፣ መብራት ከሆነ ጠፋ፣ ቦምብ ከሆነ ፈነዳ፣ ወተት ከሆነ ተበላሸ። የወተቱ በእንግሊዝ አገር የተለመደ ነው፤ አሜሪካውያን «ዌንት ባድ» ማለት ይቀናቸዋል። ደግሞስ እኛ ምን አፍ አለን? ክረምት ገባ፣ ቃል ገባ፣ ዕዳ ገባ፣ ነገሩ ገባኝ እንላለን። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ገባ» ምን ማለት ነው ቢላችሁ፣ «ምኑ ገባ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ «ተርን ዳውን ኢት» ብዬ ብጽፍ መምህሬ ሰረዘችብኝ።

መልስ፦ ልክ ናት። ተውላጠ ስም ሲሆን መካከል ይገባል፤ «ተርን ኢት ዳውን»። «ራዲዮ» ብለሽ ስሙን ከጠራሽ ግን መካከልም መጨረሻም ያስኬዳል። ሁሉም ግን አይከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» (ተንከባከበው) እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» የለም። በነገራችን ላይ «ተርን ዳውን» ራዲዮ ከሆነ ድምፁን መቀነስ፣ የቀረበልሽ ሥራ ከሆነ አልቀበልም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ፊል ኢን» እና «ፊል አውት» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ቅጽ ለመሙላት ከሆነ ሁለቱም ያው ናቸው።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ሲተላለፍ በደብዳቤ «ፑት ኦፍ» ይባላል?

መልስ፦ ስሕተት አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን ከላቲን የመጣው «ፖስትፖን» ይሻላል። «ፑት ኦፍ»ን ለወዳጅ አቆየው። «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» ከተባለ ግን የቀጠሮ ነገር አይደለም፤ ሽታው ፍላጎቴን ዘጋው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መቶ ያህል በዝርዝር ሸምድጃለሁ፤ ሰው ሲናገር ግን አይገባኝም።

መልስ፦ ግሡን ለብቻው ስለሸመደድህ ነው። ደብተርህ ላይ «ሜክ አፕ» ብለህ አትተው። ከ«ስቶሪ» ጋር ጻፈው፣ ታሪክ መፍጠር ይሆናል፤ ከተጣሉ ወዳጆች ጋር ጻፈው፣ መታረቅ ይሆናል። ከመስታወት ፊት ያለውን ሜካፕማ እኛም ወስደነዋል።