ሴንሰሩ ተቀየረ፣ ሚኒሞው ተበላሸ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ፣ የምጽፍልዎት ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። 1.3 ቪትዝ አለችኝ፣ ቼክ ኢንጅን ስታበራብኝ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ኮምፒውተር ሰክተው ፒ0171 የሚል ኮድ አወጡ፣ መካኒኩም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካው ኤርፍሎው ሴንሰር ሞቷል ብሎ ከአዲስ አበባ አስመጥተን ቀየረው። መብራቱ ጠፋ። ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳልረግጥ ቆማ ስትሰራ ትንቀጠቀጣለች፣ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) 500 ይወርድና 1,000 ይዘላል፣ አጂፕ ጋ ባጃጅ ሲዘጋጋብኝ ሁለቴ ጠፍታብኛለች። የሚገርመው የጅሬንን ዳገት ስወጣ ምንም አትልም። መካኒኩ ሌላ ሴንሰር ግዛ ይለኛል፣ ጎረቤቴ ደግሞ ሴንሰሩ ለአዲስ አበባ አየር የተሰራ ነው እዚህ አይሰራም ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ ብሩን መጀመሪያ ኪስህ መልሰው።

የጎረቤትህን ነገር ቶሎ እንለፈው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ፣ ልክ ነው አየሩ ይለያያል፣ ግን ኤርፍሎው ስራው እኮ እሱ ነው፣ ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ፣ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ሲያቀዘቅዘው ስንት ግራም አየር እንደገባ ያሰላል፣ ስለዚህ ጊቤ በረሃ ብትወርድም እንጦጦ ብትወጣም ራሱ ያስተካክላል። ድብልቁን እንዲህ ራሱ በማያስተካክለው በካርቡሬተር ዘመን ቢሆን ጎረቤትህ ትንሽ እውነት ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው። ፒ0171 ማለት «ሴንሰሩ ሞተ» ማለት አይደለም። «ድብልቁ ላይ አየር በዛ፣ ቤንዚን አነሰ» ማለት ነው። ምክንያቱ የቆሸሸ ኤርፍሎው ሊሆን ይችላል፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕም ይሆናል፣ ከሴንሰሩ በኋላ በቀዳዳ የሚገባ አየርም ይሆናል፣ ኮዱ አይለይልህም። መብራቱም የጠፋው ኮዱ ስለተሰረዘ ሊሆን ይችላል እንጂ ስለዳነች ነው ብለህ አትመን፣ ቀን ቆጥሮ ይመለሳል።

ለኔ ፍንጭ የሰጠኝ ጅሬን ነው። ሚኒሞ ላይ ስሮትሉ፣ ቤንዚን ስትረግጥ የሚከፈተው የአየር በር፣ ዝግ ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ናት፣ የ1.3 ሞተር ሞቆ ቆሞ ሲሰራ በሰከንድ 2 ግራም ገደማ ነው፣ እዛ ላይ ሴንሰሩ ያልቆጠረው አየር በስንጥቅ ሲጨመር ድብልቁ ይናጋል። ዳገት ላይ ቤንዚን ስትረግጥ ግን የሚገባው አየር ብዙ ስለሆነ ያቺ ስንጥቅ ምንም አይደለችም። ስኒ ውስጥ የገባ ጨውና ጀበና ሙሉ ቡና ውስጥ የገባ ጨው አንድ አይደለም አይደል? ስለዚህ የኔ ጥርጣሬ አየር የምትስብበት ቦታ አለ ነው፣ ያውም ሴንሰሩ ሲቀየር እጅ የነካው አካባቢ።

ቦኔቱን ክፈትና ከፊልትሮው ሳጥን ወደ ስሮትል የሚሄደውን እጥፍጥፍ ጎማ ቱቦ እይ። ከላይ ብቻ አይደለም፣ እጥፋቶቹን ዘርግተህ ከስሩ ጭምር፣ አንዴ እኔ ራሴ በአንድ ኮሮላ ሁለት ቀን ተቃጥዬ ካንዴላ ምናምን ቀይሬ መጨረሻ ላይ ስንጥቁ ከታች እጥፋት ውስጥ ተደብቆ ነበር፣ እስካሁን ያሳፍረኛል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ብረት ማሰሪያዎች ጠብቀዋል ወይ? ሳጥኑ ሲነሳ ተነቅላ ሳትመለስ የቀረች ቀጭን ቱቦ የለችም? ሴንሰሩ ስር ያለችው ኦሪንግ፣ ክብ የጎማ ማሸጊያዋ፣ አሮጌው ላይ ቀርታ ከሆነ? ሞተሩ እየሰራ ውሃ በሚረጭ ጠርሙስ በቱቦው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ትንሽ ትንሽ ርጭ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት አታርጥብ፣ ድምጹ ድንገት የተለወጠበት ቦታ ነው ቀዳዳው። በካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፣ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ነው፣ ተው።

ስካነር ያለው ሰው ካገኘህ ደግሞ ኮድ ብቻ አታስነብብ፣ ፊውል ትሪም የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ስንት ፐርሰንት እንደጨመረ ወይ እንደቀነሰ የሚናገረውን ቁጥር፣ አሳየኝ በለው። ጤነኛ መኪና ላይ ከ0 ብዙ አይርቅም፣ እስከ 10 ፐርሰንት ወዲህ ወዲያ ቢል አይከፋም። ሚኒሞ ላይ 20 እና ከዛ በላይ ፕላስ ሆኖ 2,500 አርፒኤም ላይ ይዘህ ስታቆየው ወደ 5 ከወረደ ነገሩ ቀዳዳ ነው፣ አለቀ። አርፒኤም ስትጨምር እሱም የሚጨምር ከሆነ ግን ወይ አዲሱ ሴንሰር ፎርጅድ ነው ወይ ቤንዚኑ አይደርስም።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር፣ ሴንሰሩ ሲቀየር ባትሪ ተፈቷል? ከተፈታ ኮምፒውተሩ ለቆሸሸው ስሮትል ለምዶት የነበረውን ማስተካከያ ረስቶት ይሆናል፣ ብዙ የተነዳች መኪና ደግሞ ስሮትሏ በካርቦን ጥቁር ነው የሚሆነው፣ እሱን አስጸዳና ሞተሩን አሙቀህ ኤሲ ሳትከፍት 10 ደቂቃ ያህል ሚኒሞ ላይ ተዋት፣ ከዛ ትንሽ ንዳት።

ይሄ ሁሉ አልሆን ካለ አሮጌውን ሴንሰር ፈልግ፣ መካኒኩ ጋ ከቀረ ዛሬውኑ ተቀበለው። ለኤርፍሎው በተሰራ ማጽጃ ብቻ እርጨው፣ ሽቦዋን በጨርቅ እንዳትነካት ትበጠሳለች፣ ይድረቅና መልሰህ ግጠመው። ሚኒሞው ከተስተካከለ አዲሱን ለሻጩ መልስለት። አሁንም ከተንቀጠቀጠች ግን ጥፋቱ የሴንሰር አይደለም፣ ወደ ቱቦው ተመለስ።