ከዶዘሩ በፊት ዳገቱን ውጡ

ልጆች፣ ዳገት ላይ ለሚሠሩ ቤቶች ግቢ ስነድፍ ፀጉሬ ሸበተ። ጡረታዬ ሳይደርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምነግራችሁ አብዛኛው የራሴ ጥፋት ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ተዳፋት ላይ ቤቶች እንሠራ ነበር። መሀሉ ላይ ትልቅ ጥድ አለ። ባለቤቶቹ "እሱ እንዳይነካ" አሉን። እኔም ፕላኑ ላይ በአረንጓዴ ከበብኩት፤ ግንዱ ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩ። እውነትም ማንም አልነካውም። ብቻ ከላይ የተቆረጠው አፈር መጣያ አጣና ዙሪያው ላይ ተደለደለ። ጉልበት እንኳ የማይደርስ ሙሌት ነው። ምን ያመጣል ብዬ ፈረምኩ። የምረቃው ቀን ጥላው ሥር ቆመን ፎቶ ተነሣን።

በአራተኛው ዓመት ጫፉ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ወደ ታች እየወረደ ደረቀ። ነዋሪዎቹ በሽታ መስሏቸው መድኃኒት ይረጩ ነበር። አካፋ ይዤ ሄጄ ግርጌውን ቆፈርኩ። ጤነኛ ዛፍ ግንዱ መሬት ጋ ሲደርስ እንደ ዝሆን እግር ይሰፋል። ይሄ ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ገብቷል። የተቀበረው ቅርፊት በስብሶ በጣት ይላጣል።

ሥር እንደ ካሮት ቁልቁል የሚወርድ ይመስለን ነበር። አይደለም። አብዛኛው ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ሥር አየር ይፈልጋል። ሙሌት ስትጭኑበት ወይም ኤክስካቫተር ሲመላለስበት ይታፈናል። ከባድ ማሽን ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ነው። "አንዴ ብቻ ይለፍ" ለሚል ፎርማን ጆሮ አትስጡ።

ሜትራችሁን ይዛችሁ ዳገቱን ውጡ። ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ለኩ፤ ለ3.14 አካፍሉ፤ የወጣው ውፍረቱ ነው፤ እሱን በ12 አባዙ። ግንባታ ቦታ ላይ ስላሉ ዛፎች የወጣው የእንግሊዞቹ ቢኤስ 5837 ስታንዳርድ የሚጠቀምበት ስሌት ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ዛፍ በየአቅጣጫው 6 ሜትር ያህል ያልተነካ አፈር ይፈልጋል ማለት ነው። ያንን ክብ የመጀመሪያው ማሽን ሳይገባ እጠሩት። በጠንካራ አጥር እንጂ በሪባን አይደለም፤ ሪባን ለምረቃ ነው። ውስጡ ሲሚንቶ አይራገፍ፣ ሚክሰር አይታጠብ፣ መኪናም አይቁም። ጥላው ያጓጓል፣ አውቃለሁ።

ደግሞ የቧንቧና የመብራቱን ፕላን እዩ። ሌላ ሰው በሌላ ወረቀት ላይ ስለሚሥለው ዛፉን አያየውም። አንድ ቦይ ግንዱ አጠገብ ካለፈ የአንድ ጎን ሥር በሙሉ ሄደ ማለት ነው። መስመሩ ይዙር፤ መዞር ካልቻለም ቦይ ሳይከፈት ከሥሮቹ በታች በቁፋሮ ይሹለክ።

ዳገቱ ራሱ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ዛፍ ሲቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይለቅም። ለጥቂት ዓመታት አፈሩን እንደያዘ ይቆያል፤ ከዚያ ይበሰብሳል። አዲስ የተከላችሁት ገና ሥር አልሰደደም። የመሬት መንሸራተት የሚመጣው በዚህ ክፍተት ነው። እናንተም ያኔ ሌላ ሳይት ላይ ናችሁ። ስለዚህ የግድ የሚቆረጥ ካለ ጉቶውን አትንቀሉ፤ አጠገቡም ቶሎ ትከሉ። ቬቲቨር የመሰለ ሥሩ 3 ሜትር የሚወርድ ሣር ብዙ ያግዛችኋል። ዛፎችንም በቡድን አስቀሩ። ጫካ መሀል ያደገ ዛፍ ብቻውን ሲቀር ነፋስ አይችልም።

አርክቴክቱ ዳገቱን ቆርጦ ሜዳ ላድርገው ካለ ተከራከሩት። ቤቱ በደረጃ ይውረድ ወይም በአምድ ላይ ይቁም። ደጋፊ ግንብ ካስፈለገም ከጀርባው ጠጠር ይሞላ፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳም ይኑረው። ሆዱ የተነፋ ግንብ አይቻለሁ። የሚገፋው አፈሩ ብቻ አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውሃም ጭምር ነው።

"አንዱን ቆርጠን ሃያ እንተክላለን" የሚላችሁም አይጠፋም። ማን እንደሚያጠጣቸው ጠይቁት።

አራተኛው ዓመት ላይ ደግሞ ወደ ሠራችሁበት ቦታ ተመለሱ። አካፋ ያዙ። ጥበቃው "ማንን ፈልጋችሁ ነው?" ካለ ዛፉን አሳዩት።