ምስሉን ሳይሆን መስመሩን ይላኩ

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ሒሳብ ለማስጠናት የጋራ መጻፊያ ሰሌዳ በጃቫስክሪፕት ሠርቻለሁ። ብቻዬን ስጽፍበት ደህና ነው። አምስት ተማሪዎች በስልክ ሲገቡ ግን ይዘገያል፣ አንዱ የጻፈው የሌላውን ያጠፋል፣ አርፍዶ የገባ ተማሪም ባዶ ሰሌዳ ያያል። የተሻለ ሰርቨር ልከራይ?

መልስ፦ ለሰርቨር ገንዘብ አያውጡ። ስልኮቹንና ሰርቨሩን ያለማቋረጥ የሚያገናኘው መስመር፣ ዌብሶኬቱም ደህና ነው፤ አይንኩት። ከላኩልኝ ኮድ እንዳየሁት፣ ጣት ከስክሪኑ በተነሣ ቁጥር ሰሌዳው በሙሉ ወደ ፒኤንጂ ምስል ተለውጦ ለሁሉም ይሠራጫል። ሁለት ተማሪዎች እኩል ሲጽፉ የአንዱ ምስል የሌላውን አዲስ መስመር አልያዘም፤ ስለዚህ ኋላ የደረሰው የቀደመውን ይሸፍነዋል። ያረፈደውም ሌላ ሰው እስኪጽፍ ድረስ የሚደርሰው ነገር የለም። ምስሉን ወደ ቤዝ64 (ዳታን በተራ ፊደላትና ቁጥሮች የሚጽፍ ዘዴ) ጽሑፍ መለወጥዎ ደግሞ መጠኑን በሲሶ ያህል ያሳድገዋል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው የተማሪው የዳታ ጥቅል ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም እሱ ነው።

የሚላከው መስመሩ ይሁን፤ መለያው፣ የጸሐፊው ማንነት፣ ቀለሙ፣ ውፍረቱና ያለፈባቸው ነጥቦች። ለአንድ ነጥብ አግድሙንና ቁመቱን በሁለት በሁለት ባይት ከያዙ፣ 80 ነጥብ ያለው መስመር ነጥቦቹ 320 ባይት ብቻ ይሆናሉ። ነጥቦቹን በስልኩ ፒክስል አይለኩ። ለሰሌዳው 1600 በ900 የሆነ ቋሚ ልኬት ይስጡትና እያንዳንዱ ስልክ ወደ ራሱ ስክሪን ይመንዝረው፤ አለዚያ የክፍልፋዩ ሰረዝ በሌላው ስልክ ላይ ከቁጥሮቹ ርቆ ያርፋል።

ጣት እስኪነሣም አይጠብቁ። በየ50 ሚሊሰከንዱ የተጠራቀሙትን ነጥቦች ይላኩ፤ በራሱ በጸሐፊው ስክሪን ላይ ግን መስመሩ ሰርቨርን ሳይጠብቅ ወዲያው ይሣል። መዘግየት የሚሰማው እጁን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሞባይል ኔትወርክ በትምህርት መካከል መቋረጡ አይቀርም፤ ሰሌዳው ከመጀመሪያው ይህን አስቦ መሠራት አለበት። ሰርቨሩ የደረሰውን እያንዳንዱን መልእክት በተራ ቁጥር ይመዝግብ። ስልኩ ተመልሶ ሲገናኝ «የመጨረሻ ያየሁት 214 ነው» ይላል፤ ሰርቨሩም ከ215 ጀምሮ ያቀብለዋል። ያረፈደው ተማሪ «ምንም አላየሁም» ይላል፣ ከ1 ጀምሮ ይቀበላል፤ ለእሱ የተለየ ኮድ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ስልኩ በበኩሉ ሰርቨሩ መቀበሉን ያላረጋገጠለትን መልእክት አይጣል፤ ለእያንዳንዱ መልእክትም የራሱ መለያ ይስጠውና ሲገናኝ በዚያው መለያ ደግሞ ይላከው። ሰርቨሩ መለያውን አስቀድሞ ካየው ያልፈዋል፣ መስመሩም ሁለት ጊዜ አይመዘገብም።

የተጻፈውን ወደ ኋላ የሚመልሰው «መልስ» የሚለው ቁልፍም መታረም አለበት። አሁን ከጋራው ዝርዝር የመጨረሻውን መስመር ስለሚያነሣ ልጁ የአስተማሪውን ጽሑፍ ይሰርዛል። የራሱን የመጨረሻ መስመር ብቻ ይፈልግና «ይህ መለያ ያለው መስመር ይሰረዝ» የሚል መልእክት ይላክ፤ እሱም እንደ ማንኛውም መልእክት ተራ ቁጥር ያገኛል።

የብዙ ሰዎችን ለውጥ የሚያስታርቁ፣ ዋይጄኤስን የመሰሉ የተዘጋጁ የኮድ ቤተ መጻሕፍት እንደሚመክሩዎት አውቃለሁ። ለእጅ ጽሑፍ ግን አንዴ የተጻፈ መስመር ስለማይለወጥ ግጭቱ ጥቂት ነው። ወደፊት የሚንቀሳቀሱ ቅርጾች ካስገቡ፣ እንደ ፊግማ (በጋራ ንድፍ የሚሠራበት መተግበሪያ) ለእያንዳንዱ የቅርጽ ባሕርይ፣ ለምሳሌ ለቀለሙ ወይም ለቦታው፣ ሰርቨሩ ጋ መጨረሻ የደረሰው ዋጋ ይጽና ቢሉ ይበቃዎታል። የሌላ ሰው ሥራ ማየት ከፈለጉ በ2020 የወጣው የጋራ መሣያ ሰሌዳ፣ ኤክስካሊድሮው፣ ኮዱ ክፍት ነው፤ ገልጠው ያንብቡት።

ከለወጡ በኋላ ሰሌዳውን በሁለት ስልክ ይክፈቱ። በአንዱ ዳታውን ያጥፉና በሁለቱም እኩልታ ይጻፉ፤ ከዚያ መልሰው ያብሩት። ሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ ሁለቱም እኩልታዎች ካልታዩ፣ ስሕተቱን መፈለግ የሚጀምሩት ያልተረጋገጡ መልእክቶች ከሚጠራቀሙበት ቦታ ነው።