የደም ምርመራው ደህና ነው፣ ኤኮው ግን ችግር አለ ይላል፦ የትኛውን ልመን?

የእናትዎ የልብ ኤኮ (በድምፅ ሞገድ የሚታይ የልብ ምስል) «የግራው የልብ ክፍል በደንብ አይፍታታም»፣ ማለትም ከተኮማተረ በኋላ እንደሚገባው አይላላም፣ እያለ ቢ-ኤን-ፒ የተባለው የደም ምርመራ ደህና መሆኑ ግራ እንዳጋባዎት ጽፈዋል። ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም።

ቢ-ኤን-ፒም ሆነ እህቱ ኤን-ቲ ፕሮ-ቢ-ኤን-ፒ የልብን መፍታታት በቀጥታ አይለኩም። የልብ ግድግዳ ሲወጠር ጡንቻው ወደ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። ችግሩ ገና ጀማሪ ሲሆን ልብ እየዘገየ ቢፍታታም፣ በእረፍት ጊዜ በውስጡ ያለው ግፊት ላይጨምር ይችላል፤ ግድግዳው ካልተወጠረ ደግሞ ደሙ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ የደም ምርመራ ብቻ አይቶ «የልብ ችግር የለባቸውም» ማለት ችኮላ ነው።

አስቸኳይ ሕመም በሌለበት ቢ-ኤን-ፒ ከ35፣ ኤን-ቲ ፕሮ-ቢ-ኤን-ፒ ከ125 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ የልብ ድካም የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ቁጥሩ ግን ያታልላል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል፤ ዕድሜ፣ የኩላሊት ድካምና የተዘበራረቀ የልብ ምት ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። እናትዎ ሳኩቢትሪል ያለበት የልብ ድካም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ኤን-ቲ ፕሮ-ቢ-ኤን-ፒው ይሻላል፤ መድኃኒቱ ቢ-ኤን-ፒን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ የቢ-ኤን-ፒ ቁጥር ሕመሙ ሳይባባስም ከፍ ሊል ይችላል።

ጋሌክቲን-3 እና ኤስ-ቲ-2 የሚባሉ ሌሎች የደም ምርመራዎችም አሉ፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን ገንዘብ የሚወጣባቸው አይመስለኝም።

ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ፣ ኤኮው በእንቅስቃሴ ላይ ሳሉ መደገም ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።