እናቴ የእቁብ ዕጣዋን ለቀቀች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አካውንቲንግ ተምሬያለሁ። እናቴ 12 አባላት ባሉት እቁብ በወር 2,000 ብር ትጥላለች። በሁለተኛው ወር ዕጣ ሲወጣላት፣ ልጇ ለታመመባት ጎረቤት ለቀቀችና የመጨረሻውን ተራ ወሰደች። ኑሮው እንዲህ እየናረ 24,000 ብሩ ያኔ ምን ይገዛል? ብላት ሳቀችብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ስሌትህ እንከን የለውም። እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ አበዳሪው ነው። እናትህ ይህን የምታጣው አይመስለኝም። ጭንቅላትህ ፈጣን ነው፤ እሷ ግን አንተ ያላስገባኸውን ነገር ሁሉ አስገብታ አስባለች። ብሩን አሁኑኑ ትፈልገዋለች? ጎረቤቷ ጨንቋት መጣል ብታቆም እቁቡ ምን ይሆናል? እናትህን ሌሊት ቢያማት የማንን በር ታንኳኳለች? አንተ እንደሆንክ ሥራ ላይ ነህ (እናንተ ልጆች መቼ ሥራ ላይ ያልሆናችሁበት ጊዜ አለ!)። ማስተዋል የምንለው ይሄንኑ ነው፤ ስለዚህ ለእሷ ፈርጃለሁ።

አንድ ነገር ግን ጠይቃት፦ ጎረቤቷ ለእቁቡ ዳኛ ዋስ ጠርታለች? ካልጠራች ዛሬውኑ ትጥራ። እዚህ ላይ እናትህ ብትስቅም እንዳትለቃት።